«በአውሮፕላን ና» ትላለች እናቴ፤ እኔ ግን በመኪና መሄድ ፈልጌያለሁ

የደረሰኝ ደብዳቤ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። በልጅነቴ ከቤተሰቤ ጋር በዲቪ መጥቼ ያደግሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ስድስት ዓመት በአሜሪካ አርሚ አገልግያለሁ። አሁን ያለሁት ታኮማ አጠገብ ባለው ቤዝ ነው። ኦክቶበር 15 በክብር እሰናበታለሁ። የ45 ቀን ተርሚናል ሊቭ (ከስንብት በፊት የሚወሰድ የመጨረሻ ፈቃድ) ስላለኝ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ ጀምሮ ነጻ ነኝ። በካምሪዬ ብቻዬን አገሩን አቋርጬ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ወስጄ ወደ ቤት መሄድ አስቤያለሁ። እናቴ ግን ‹መኪናህን ሽጠህ ለእንቁጣጣሽ በአውሮፕላን ና፤ ስድስት ዓመት መጠበቄ አይበቃም ወይ?› ትላለች። ዘመድ አዝማዱን ጠርታ ጨርሳለች። እውነቱን ልንገርዎትና ቶሎ ቤት መግባቱን ፈርቼዋለሁ። ለግዳጅ ውጭ አገር ቆይቼ ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፌ ልክ አይደለም። ሰው የበዛበት ቤት ይጨንቀኛል። ይህን ለእሷ እንዴት ብዬ ልንገራት? ደግሞ የቢሊንግስ፣ ሞንታና ልጅ የሆነ የዩኒት ጓደኛዬ እስከ አገሩ አብሬህ ልሂድ ብሎኛል። እኔ ብቻዬን መሆን ነበር የፈለግሁት። ጉዞውንስ ከምን ልጀምር?»

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ በደህና አበቃህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሂድ። በመኪና ሂድ። ግን ለእናትህ ቀን ቁረጥላት። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ ወረቀትህን ጨርስ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለምን ሂድ እንዳልኩህ ልንገርህ። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ከከረን ወደ ሱዳን ከተሻገሩት አንዱ እሱ ነው። ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ በክረምት፣ ደብረ ብርሃን ቤታችን ደረሰ። እናታችን እልልታዋን አቀለጠችው። በግ ታረደ። ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ማታ ላይ ወንድምህን ፈልገው ተብዬ ስወጣ ጓሮ፣ የማገዶ ክምሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጫማውን አላወለቀም። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላም አላወለቀም። ለብዙ ቀን ከነጫማው ነው የተኛው። እናቴ ጠዋት ጠዋት አንሶላው ላይ የደረቀውን ጭቃ ታራግፍ ነበር። አንድም ቀን ምንም አላለችውም።

ከዓመታት በኋላ፣ ወደዚህ አገር ልመጣ ስል፣ ያን ማታ አንስቼ ጠየቅሁት። «ሁሉም እንኳን ደህና መጣህ ይለኛል፤ እኔ እኮ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ» አለኝ።

ያንተን ደብዳቤ ሳነብ የመጣብኝ እሱ ነው። ከሲያትል ዲሲ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ግድም ነው። ጠዋት የቤዙን በር ለመጨረሻ ጊዜ ወጥተህ፣ ማታ ሳሎኑ ውስጥ 40 ሰው እልል እያለ ይቀበልሃል። ለአንዳንድ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ላንተ እንደማይሆን ራስህ ጽፈህልኛል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት መውሰድህ ቅብጠት አይደለም። ኃላፊነት የጎደለው ነገርም አይደለም።

እናትህን በቴክስት እንዳታናግራት። ደውልላት። ቢቻል እሷ ቡናዋን ጠጥታ አረፍ በምትልበት ሰዓት ይሁን። «ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ» ብለህ አትጀምር። ይህን ቃል እናት ስትሰማው «አንቺን አልፈልግም» ማለት ይመስላታል። ቀኑን አስቀድምላት። «እማዬ፣ ለደመራ እደርሳለሁ። ሴፕቴምበር 26 ከሰዓት ደጅሽ ላይ ነኝ» በላት። ከዚያ እውነቱን አስከትል። «እንቅልፌ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው መሀል ወዲያው ብገባ ያመኛል። ቀስ እያልኩ ልምጣ» በላት። የእናት ጆሮ «ያመኛል» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ትደነግጣለች። ግን የምትደነግጠው እሷን ጠልተህ የቀረህ መስሏት ሳይሆን ስላንተ አስባ ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ድግሱን ሰርዢ አትበላት። አስተላልፊው በላት። የመጀመሪያው ማታ እሷና አባትህ፣ እህት ወንድሞችህ ብቻ ይሁኑ። ዘመድ አዝማዱ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጣ። ብዙ እናቶች ይህን ለብቻቸው ለዘመድ መናገር ይከብዳቸዋል፤ «ልጁ ኮራ» እንዳይባል ይፈራሉ። ስለዚህ ቃሉ የሚሰማ አንድ አጎት ወይም አክስት ካለህ አስቀድመህ ንገረውና እሱ ይንገርላት።

በየማታው መኪናህን ካቆምክ በኋላ ደውልላት። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። የት እንደምታድር፣ ምን እንደበላህ ንገራት። አካባቢህን ስልክህ ላይ አጋራት። ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ደግሞ በቪዲዮ አግኛት። ይህን በደንብ አስብበት፤ በእኔ ስሌት ሴፕቴምበር 11 አንተ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነህ። ፓርኩ ውስጥ አብዛኛው ቦታ ስልክ አይሠራም። ያን ጠዋት ፓርኩ ውስጥ ሆነህ ኔትወርክ ፍለጋ እንዳትባክን፣ ዋዜማውን ጋርዲነር ወይም ሊቪንግስተን ከተማ እደር። አበባየሆሽ የሚሉትን የጎረቤት ልጆች በስልክ ታሳይሃለች። ለበዓሉ አለመድረስህ ያስከፋታል፤ ይህን አትካደው። ግን ድምፅህንም ፊትህንም ታገኛለች።

ጓደኛህን ውሰደው። እስከ ቢሊንግስ ከሆነ አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻህን ነህ። ከስድስት ዓመት የጋራ ኑሮ በኋላ ከመኝታ ክፍሉም፣ ከምግቡም፣ ከወሬውም በአንድ ቀን መነጠል ከባድ ነው። አንተ የምታልፈውን እሱም እያለፈ ነው፤ ሳትነግረው ይገባዋል። አስቀድመህ ብቻ ንገረው፦ «አንዳንድ ቀን ሳላወራ ልነዳ እችላለሁ፤ አትቀየመኝ።» ወታደር ለወታደር ይህን አይቀየምም። ቤተሰቦቹ እደር ቢሉህ እደር።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ይህን ክፍል ዝለል ዝለል አድርገህ እንዳታነበው። ተርሚናል ሊቭ ላይ ያለ ሰው ገና ወታደር ነው። እስከ ኦክቶበር 15 ደሞዝህ ይገባል፣ ትራይኬር የሚባለው የወታደር የጤና መድንህ ይሠራል። የወታደር ሕጉም ይሠራብሃል። ማሪዋና በዋሽንግተን ስቴት በሱቅ ይሸጣል፤ ላንተ ግን ክልክል ነው። ጠጥቶ መንዳትም እንደዚያው። ስድስት ዓመት የለፋህበትን የክብር ስንብት አንድ ማታ ሊያበላሽብህ ይችላል። ለራስ የተገዛ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ካለህም ዝም ብለህ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ጥለህ አትነሳ። ከዋሽንግተን እስከ ሜሪላንድ ከአሥር በላይ ስቴት ታቋርጣለህ፤ ሕጋቸው አንድ አይደለም። የሜሪላንድ ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው።

የእንቅልፍህን ነገር፣ ጉልበትህን፣ ጆሮህን፣ ያመመህን ሁሉ ጠቅሰህ ለቪኤ፣ ማለትም ለቬተራኖች (ለቀድሞ ወታደሮች) መሥሪያ ቤት፣ የጉዳት ክፍያ የምታመለክትበት ጊዜ አሁን ነው። ከስንብትህ በፊት ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ካመለከትክ ጉዳይህ ገና ሳትወጣ መታየት ይጀምራል። ያንተ በር ጁላይ አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ካስገባህ በኋላ ደግሞ ለ45 ቀን ያህል ሐኪም ለምርመራ ሲጠራህ መገኘት አለብህ። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት አስገባ። አለዚያ ምርመራው ሞንታና ላይ ሆነህ ይጠራሃል። ቀኑ ቢያመልጥህም ተስፋ አትቁረጥ። ከወጣህ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከትክና ከተፈቀደልህ ክፍያው ከተሰናበትክበት ማግስት ጀምሮ ይታሰብልሃል። ማመልከቻውን ልሙላልህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ካጋጠመህ ጥለኸው ሂድ። የቬተራን ማኅበራት ወኪሎች በነጻ ይሠሩልሃል። የሕክምና ፋይልህንም ሙሉ ቅጂ ሳትይዝ ከቤዙ እንዳትወጣ።

ዲዲ 214 በሚባለው የስንብት ወረቀት ላይ ለኛ ልጆች የተለየ ወጥመድ አለ። ስም ነው። የአባት ስም መካከል፣ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ሲገባ፣ ወይም አንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ ፊደል ሌላው በሌላ ሲጽፈው፣ የዜግነት ሰርተፊኬትህና የስንብት ወረቀትህ የሁለት ሰው ይመስላሉ። በዚህ ምክንያት የቤት ብድሩና የትምህርት ጥቅሙ የተጓተተበት ልጅ አውቃለሁ። ረቂቁን ሲያሳዩህ ስምህን ከዜግነት ሰርተፊኬትህ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ውጭ አገር የነበርክበትን ግዳጅና ሜዳሊያዎችህንም ተመልከት። ሳታነብ አትፈርም። የዜግነት ሰርተፊኬቱ ኦርጅናል ደግሞ ከዕቃ ጫኚዎች ጋር እንዳይሄድ። አንተው ያዘው።

ዕቃህ የወታደር መኖሪያ ክፍል ዕቃ ከሆነ ብዙ አይደለም። መንግሥት በራሱ ጫኚ ይልክልሃል፤ ወይም ራስህ ጭነህ ለጫኚ ይከፍል የነበረውን ገንዘብ ላንተ ይከፍልሃል። ራስህ የምትጭን ከሆነ አስቀድመህ የቤዙን የትራንስፖርት ቢሮ አናግረህ አስፈቅድ። ከዚያ መኪናህን ባዶውንና ከነጭነቱ ታስመዝናለህ። ሁለቱንም ጊዜ ታንኩ ሙሉ ይሁን። ሚዛኑ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ነው። ቀስ ብለህ መድረኩ ላይ ትወጣለህ። መጥሪያው ለትራክ ሾፌር ተብሎ ከፍ ብሎ ስለተሠራ በካምሪ መስኮት አይደረስም፤ ወርደህ ትጫነዋለህ። «የመጀመሪያህ ነው ወይስ ድጋሚ?» ይልሃል ድምፁ። ከዚያ ውስጥ ገብተህ ወረቀቱን ትቀበላለህ። እዚያው ቆመህ ፎቶ አንሳው። ያች ቁራጭ ወረቀት ከጠፋች ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል። ተጎታች ግን እንዳትከራይ፤ ተራራ ላይ ከመዝናናት ይልቅ ስትጨነቅ ትውላለህ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። የመጨረሻው ደሞዝ ሒሳብህ ተጣርቶ እስኪያልቅ ሊዘገይ ይችላል። እሱን ቆጥረህ አትውጣ። እኔ እንዳሰብኩልህ መንገዱ ከነመዞሪያው 3,300 ማይል ግድም ነው። ካምሪህ በጋሎን 30 ማይል ከሄደ 110 ጋሎን ነው። ጋሎኑ 3 ዶላር ተኩል ቢሆን ነዳጁ 400 ዶላር አይሞላም። ኪስህን የሚጎዳው ሞቴሉ ነው። ድንኳን ካለህ ያዘው። ለብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ደግሞ አትክፈል። በሥራ ላይ ላለ ወታደር የዓመት ፓስ በነጻ ነው፤ ቬተራን ስትሆን ደግሞ የዕድሜ ልክ ፓስ በነጻ ታገኛለህ። መታወቂያህን ብቻ አሳይ።

መኪናውን ከመነሳትህ ሁለት ሳምንት ቀድመህ አስፈትሽ። ዋዜማው ላይ አይሁን። አዲስ የተገጠመ ነገር ችግር ካለው ታኮማ እያለህ ይታወቅ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ የራዲያተር ውኃ። ትርፍ ጎማውን አውጥተህ ነፋሱን ተመልከት፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው መንገድ ዳር ቆሞ ነው። ከስፖኬን ካለፍክ በኋላ ነዳጅህ ግማሽ ሲደርስ ሙላ። ካርታውንም ስልክህ ላይ አውርደህ አስቀምጥ።

አሁን ስለ መንዳት። ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት ሰባት ዓመት ትራክ ነድቻለሁ፤ አይ-90 የሚባለውን አውራ ጎዳና ስንቴ እንደተመላለስኩበት አልቆጠርኩትም። አንድ ሌሊት ከቢዩት በስተምሥራቅ ሆምስቴክ የሚባለውን የተራራ በር እየወጣሁ ነበር። የአይ-90 ከፍተኛው ቦታ እሱ ነው፤ 1,929 ሜትር። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፤ ቅዝቃዜው ግን ሌላ ነው። ልጄ ታማብኝ ቀኑን ሙሉ አልተኛሁም ነበር። ሰዓቴ ገና አላለቀም፣ በሕጉ መንዳት እችላለሁ። በድንገት ከጎማው ሥር ግርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመንገዱ ዳር ላይ የተቦረቦረው መስመር ነው የቀሰቀሰኝ። ዓይኔ ክፍት ነበር፤ እኔ ግን አልነበርኩም። መሪውን መልሼ፣ መቆሚያ እንዳገኘሁ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰማዩ ሲነጋ የድንጋዮቹ ቅርጽ አንድ በአንድ እየለየ መጣ። ልጆቼን አሰብኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ትንሽ ልግፋ» የሚለውን ቃል ፈራሁት።

ለትራክ ሾፌር ሕጉ በቀን 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል። ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታ ነው። ላንተ ያ ብዙ ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ይበቃሃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁም፤ ማታ ማታ ሚዳቋውም መንገድ ላይ ይወጣል። ሌሊቱን ሳትተኛ ካደርክ ያን ቀን አትንዳ፤ እዚያው ዋል። 20 ቀን ያለህ ለዚህ ነው። ለእንቅልፍ መድኃኒት የሚያዝልህ ሐኪም ካለ «ረጅም መንገድ ልነዳ ነው» በለው፤ አንዳንዱ ጠዋትም ያፈዛል።

ከግዳጅ የተመለሱ ልጆች ድልድይ ሥር ሲያልፉ፣ ወይም መንገድ ዳር የወደቀ ካርቶን ሲያዩ መሪያቸው ወደ መሀል እንደሚሄድ ነግረውኛል። አንተም ካለብህ አትደነቅ፤ ብዙዎች ላይ አለ። ጓደኛህ አብሮህ ሳለ ተነጋገሩበት። ጭንቅ ጭንቅ ሲልህ ቀጣዩ ኤግዚት ላይ ውጣ። ጭንቀቱ ከዚህ ከከፋ፣ ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ማንንም አትፈር። 988 ደውለህ 1ን ተጫን፤ ቀንም ሌሊትም የቬተራኖች መስመር ነው። መልእክት መጻፍ ከቀለለህ 838255 ነው። ቬት ሴንተር የሚባሉት ደግሞ በመላ አገሪቱ አሉ፤ ውጊያ ቀጠና የነበረ ሰው በነጻ የሚያወራበት ቦታ ነው። ለሲልቨር ስፕሪንግ የሚቀርብህን ከአሁኑ ፈልገህ ቁጥሩን ያዝ። ስደርስ እፈልጋለሁ አትበል። ከደረስክ በኋላ ድግሱ፣ ሥራ ፍለጋው፣ ዘመዱ ጊዜህን ይወስደዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልበልህ፤ ለጥቁር ልጅ መነገር ስላለበት። ፖሊስ ቢያስቆምህ እጅህ መሪው ላይ ይሁን፣ የውስጡን መብራት አብራ፣ መንጃ ፈቃዱን ሲጠይቅህ ከየት እንደምታወጣ ነግረህ አውጣ። እኔ በሞንታናና በዋዮሚንግ ብዙ ሰው በቅንነት ረድቶኛል። ፈርተህ እንድትሄድ አይደለም።

መንገዱን በአጭሩ ልንገርህ። ሴፕቴምበር 5 ተነስተህ የስኖኳልሚን የተራራ በር ተሻግረህ የመጀመሪያውን ማታ ስፖኬን እደር። ከዚያ የአይዳሆን ሐይቆች አልፈህ ሞንታና ትገባለህ። አይ-90 ሞንታናን ብቻ ለመጨረስ 550 ማይል ይሄዳል፤ በአንድ ቀን ልጨርሰው እንዳትል። ከሊቪንግስተን ወደ ደቡብ ታጥፈህ በጋርዲነር በኩል የሎውስቶን ትገባለህ። ከ1872 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። አራት ቀን ስጠው። ሁሉም ሰው የሚሮጠው ፍል ውኃውን ለማየት ነው፤ እሱም ደስ ይላል። እኔ ግን የምልህ ላማር ሸለቆ ነው። ጎህ ሲቀድ ሂድ። ጎሾቹ ከጭጋጉ ውስጥ ትንፋሻቸው እየጨሰ ይወጣሉ። ሰው አለ፤ ግን ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። ከጎሽ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር ራቅ፤ ይህ የፓርኩ ሕግ ነው። ፎቶ ልነሳ ብሎ ጎሽ የወጋው ሰው ብዙ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ በር ስትወጣ የቤርቱዝ መንገድ አለ። ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ሴፕቴምበር ውስጥ በረዶ ጥሎ ሊዘጋ ስለሚችል ያን ጠዋት ጠይቃችሁ ውጡ። ከተዘጋ ሌላ መንገድ አለ። ከዚያ ቢሊንግስ፤ ጓደኛህን ታደርሰዋለህ።

ከቢሊንግስ አንድ ሰዓት ነድተህ ሊትል ቢግሆርን ታገኛለህ። በ1876 የአሜሪካ ወታደሮችና የአሜሪካ ነባር ተወላጅ ጎሳዎች የተዋጉበት ኮረብታ ነው። ሣሩ ውስጥ እዚህም እዚያም ነጭ ድንጋይ ታያለህ፤ ወታደር የወደቀበት ነው። ቀላ ያለው የጎሳዎቹ ተዋጊ የወደቀበት ነው። ልብህ ካልፈቀደ አልፈኸው ሂድ። እኔ አንድ ጊዜ ቆሜ ወንድሜን አስቤ አልቅሼበታለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ዴቪልስ ታወርንና ባድላንድስን እየነዳህ ታያቸዋለህ። ከዚያ ሜዳው ይመጣል። ደቡብ ዳኮታ ሰዓት ይቀይርብሃል፤ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ታጣለህ። ሱ ፎልስ ስትደርስ እንጀራ አለ። በሥጋ ፋብሪካ ሥራ የመጡ ብዙ የኛ ሰዎች እዚያ ይኖራሉ። ሁለት ሳምንት በርገር ከበላህ በኋላ የሽሮ ሽታ ሲመጣህ ምን እንደሚሰማህ እኔ አልነግርህም። ምግብ ቤቱ ውስጥ «የማን ልጅ ነህ? ወዴት ነህ?» ይሉሃል። ንገራቸው። ወደ ሰው የምትመለሰው እንዲህ ትንሽ ትንሽ እያልክ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ሰው ያለበት ጠረጴዛ። ሚኒያፖሊስ ላይ ደግሞ ብዙ ነን። እሑድ ከደረስክ ቤተ ክርስቲያን ግባ፤ ከኋላ ቆመህም ቢሆን አስቀድስ። ካስጨነቀህ ውጣ፤ በሩ ክፍት ነው።

ከቺካጎ በኋላ ያለው መንገድ ስለ ውበቱ የሚወራለት አይደለም። የክፍያ መንገድ ስለሚበዛ ኢዚ-ፓሱን (መኪናው ላይ የሚደረገውን የመንገድ መክፈያ) ቀድመህ ያዝ፤ አለዚያ ቢሉ በፖስታ ተከትሎህ ቤት ይመጣል። ኢንዲያናን፣ ኦሃዮን፣ ፔንሲልቬንያን በሁለት ቀን ትጨርሳቸዋለህ። የመጨረሻውን ሌሊት ፔንሲልቬንያ ተራሮች ውስጥ እደር እንጂ ገፍተህ በእኩለ ሌሊት ቤት አትግባ። ጠዋት ታጠብ፣ ልብስ ቀይር፣ ቁርስ ብላ። ከብሪዝውድ በአይ-70 ወርደህ ፍሬደሪክ ስትደርስ አንድ ነዳጅ ማደያ ቁምና ለእናትህ ደውልላት። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ 40 ማይል ግድም ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት አይሞላም። ቡናውን አጥባ ለመቁላት ይበቃታል።